የራቭፎርን የዲፈረንሻልና የትራንስፈር ኬዝ ዘይት ቤታችሁ ደጃፍ መቀየር

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ነው የምንይዘው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በረዶ አለ፣ ተራራ አለ፣ በዚያ ላይ ሕግም አለ። በአይ-70 መንገድ ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ለበረዶ ያልተዘጋጀ መኪና ይዞ መውጣት ያስቀጣል። ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ በዚሁ መኪና ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ሲመላለሱ ይውላሉ። የሞተር ዘይት በጊዜው ይቀየራል፣ ፍሬን ይታያል፣ ጎማ ይዞራል። ከኋላ የተንጠለጠለውን ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይልን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የማርሽ ሳጥን፣ ግን የሚያስታውሰው የለም።

እዚያ ውስጥ ያለው ዘይት ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ማጣሪያ የለውም። ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ መብራትም የለውም። ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ጥርሱ ወይም ኩሽኔታው ተበልቷል ማለት ነው፣ ያኔ ዘይት ቀይሮ ማዳን አይቻልም። ለዚህ ነው ይህንን በዝርዝር የምጽፈው። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፣ የሞተር ዘይት የቀየረ ሰው ይችለዋል። ችግር የሚመጣው የተሳሳተ ዘይት ከመግዛት፣ የተሳሳተ ቡሎን ከመፍታት፣ ወይም ቅደም ተከተሉን ከማፋለስ ነው። ስለዚህ ከመኪናው ስር ከመግባታችሁ በፊት ባለው ነገር ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መመሪያው የተጻፈው ከ2013 እስከ 2018 ለተሠራው ቶዮታ ራቭፎር፣ አራቱም ጎማ ለሚነዳውና በቤንዚን ብቻ ለሚሄደው ነው። ሌላ መኪና ካላችሁም አሠራሩ ይመሳሰላል፣ ዘይቱና መጠኑ ግን ይለያያል። እሱን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

ዘይቱ ለምን ያረጃል

ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ጥርሶች ሃይፖይድ የሚባሉ ናቸው። ጥርስ ከጥርስ ጋር ገጥሞ መዞር ብቻ ሳይሆን፣ ተጭኖ እየተፋተገ ይንሸራተታል። ተራ ዘይት እዚያ መሃል አይቆምም፣ ተጨምቆ ይወጣል። ስለዚህ ጂኤል-5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ውስጥ ድኝና ፎስፈረስ ያለባቸው ቅመሞች ይጨመራሉ፤ እነሱ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ጥርሱን ከጥርስ ያድናሉ። ያ የሚከብድ ሽታ የሚመጣውም ከእነሱ ነው። ሙቀትና ጊዜ እነዚህን ቅመሞች ይጨርሷቸዋል፣ የዘይቱንም ውፍረት ይቀንሱታል። የሚላቀቀው የብረት ብናኝ ደግሞ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ዘይቱ ውስጥ እየተሽከረከረ ይኖራል።

«የእኔ መኪና የኋላ ጎማውን የሚነዳው በረዶ ላይ ብቻ ነው፣ ምን ያረጀዋል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ራቭፎር ላይ ኃይል ወደ ኋላ የሚልከው ከዲፈረንሻሉ ፊት ለፊት ያለ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክላች ነው፤ እንደ ሁኔታው ከምንም ጀምሮ እስከ ግማሽ ድረስ ይልካል። ነገር ግን ኃይል ባይሄድም ጥርሶቹ አይቆሙም። የኋላ ጎማ ሲዞር ከሱ ጋር የተያያዘው ዲፈረንሻል ይዞራል። ኃይልን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ረጅሙ ሻፍትና ከፊት ሆኖ ኃይሉን ከካምቢዮ ተቀብሎ ለሻፍቱ የሚሰጠው ትራንስፈር ኬዝም መኪናው እስከሄደ ድረስ ይዞራሉ። በደረቅ አስፋልት ላይም ቢሆን ዘይቱ ሥራ ላይ ነው።

ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ በሚሰጠው የጥገና መርሐ ግብር ላይ በተለመደው አነዳድ ይህ ዘይት በየ30,000 ማይሉ እንዲታይ ይላል። ተጎታች ለሚስብ ወይም ከባድ ጭነት ለሚያመላልስ ግን በየ15,000 ማይሉ እንዲቀየር ያዛል። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ቀኑን ሙሉ የምትሠሩበት መኪና ከሆነ፣ ሻንጣና ሰው ሞልታችሁ ተራራ የምትወጡበት ከሆነ፣ በየ30,000 ማይሉ ከማየት ቀይሩት። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ታሪኩን የማታውቁ ከሆነም ሳትጠብቁ አሁኑኑ ቀይሩት። ግማሽ ሊትር ዘይት ከዲፈረንሻል ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም አይደለም።

በመጀመሪያ መኪናችሁን እወቁ

ከስር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከፊት እስከ ኋላ በመሃል የሚያልፍ ረጅም የብረት ሻፍት አለ? ካለ መኪናችሁ አራቱንም ጎማ ይነዳል። ከሌለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ መኪናው በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ ነው፣ ወይ ሃይብሪድ ነው።

ሃይብሪዱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የራቭፎር ሃይብሪድ የኋላ ጎማዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ለብቻው በተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከኋላ የምታዩት ዲፈረንሻል የሚመስለው ነገር ሞተሩን የያዘው ቤት ነው፣ የሚወስደውም የማርሽ ዘይት ሳይሆን ቶዮታ ደብሊው ኤስ የሚባለውን የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። እዚያ ውስጥ 75W-85 የሚባለውን የማርሽ ዘይት የጨመረ ሰው ትልቅ ጉዳት ያደርሳል። ሃይብሪድ ያላችሁ ከዚህ በታች ያለውን የዘይት ዓይነትና መጠን አትጠቀሙበት።

ሆንዳ ሲአርቪ ያላችሁም እንዲሁ። የሆንዳ የኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ ክላች ስላለ የራሱ የሆንዳ ዱዋል ፓምፕ ዘይት ብቻ ነው የሚገባው። ተራ የማርሽ ዘይት ከገባ ክላቹ ይንቀጠቀጣል፣ ቆይቶም ይበላሻል።

ሱባሩ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የኋላው ቀላል ነው፣ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ላይ የፊተኛው ዲፈረንሻል ግን ካምቢዮው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ የራሱ ዘይትና የራሱ ማፍሰሻ አለው። ሞተር ዘይት ለመቀየር ከስር ገብቶ የፊት ዲፈረንሻሉን ዘይት ያፈሰሰ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ሞተሩ ላይ ዘይት ይጨምራል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞልቶ ዲፈረንሻሉ ባዶውን ይሄዳል። ሱባሩ ላይ ቡሎን ከመንካታችሁ በፊት የትኛው የማን እንደሆነ በመጽሐፉ ሥዕል አረጋግጡ።

ከ2019 ወዲህ ያለው ራቭፎር ላይ አንዳንዶቹ ሞዴሎች ከኋላ ለየጎማው ለየብቻ ክላች አላቸው፣ ዲፈረንሻሉም የተለየ ነው። ለእነሱም የሚሆነውን ዘይት ከራሱ መጽሐፍ ተመልከቱ።

የምትገዙት

ዘይቱ 75W-85 ጂኤል-5 ነው። ቶዮታ የራሱን «ዲፈረንሻል ጊር ኦይል ኤልቲ» ብሎ ይሸጣል። ሌላ ጥሩ ስም ያለው ሲንተቲክም ይሆናል፣ ጠርሙሱ ላይ 75W-85 እና ጂኤል-5 የሚሉት ሁለቱም መጻፋቸውን ግን አይታችሁ ግዙ። ጂኤል-4 የሚለውን አትውሰዱ፣ እሱ ለማንዋል ካምቢዮ ነው። በብርድ አገር የመጀመሪያው ቁጥር፣ ማለትም ዘይቱ በብርድ ያለውን ውፍረት የሚያሳየው 75W፣ ትርጉም አለው። ጃንዋሪ ላይ ጠዋት መኪና ስታስነሱ ወፍራም ዘይት ጥርስ መሃል ለመድረስ ይዘገያል፣ ነዳጅም ይበላል።

ለዲፈረንሻሉ ግማሽ ሊትር፣ ለትራንስፈር ኬዙ 0.45 ሊትር ገደማ ይገባል። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 0.95 ሊትር ይሆናሉ። አንድ ኩዋርት ደግሞ 0.946 ሊትር ነው። በወረቀት ላይ ልክ የሚሆን ይመስላል፣ ነገር ግን ሞልቶ መፍሰስ ስላለበትና ቱቦ ውስጥም የሚቀር ስላለ አይበቃም። ሁለት ጠርሙስ ግዙ። ግማሽ መንገድ ላይ ዘይት አልቆባችሁ፣ መኪናው ተሰቅሎ፣ ሱቅ በሌላ ሰው መኪና መሄድ በጣም ያናድዳል።

ለእያንዳንዱ ቡሎን አዲስ ዋሸር ያስፈልጋል፣ ለሁለቱም ሥራ በጠቅላላ አራት። ዋሸሩ ሲጠብቅ ተጨምቆ ነው የሚዘጋው፣ አንዴ ከተጨመቀ ሁለተኛ በደንብ አይዘጋም። ቶዮታ መለዋወጫ ክፍል ሄዳችሁ የመኪናችሁን ቪን (መለያ) ቁጥር ስጧቸው፣ ትክክለኛውን ያወጡላችኋል። ዋጋው ትንሽ ነው።

ከዕቃ፦ 10 ሚሊሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) በቡሶላ መልክ፣ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ፣ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ)፣ የዘይት መቀበያ ሳህን፣ ዘይት መግፊያ የእጅ ፓምፕ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የዛገ ቡሎን የሚያላቅቅ ስፕሬይ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽር። የኤል ቅርጽ ያለውን ትንሹን ብሩጎላ አትሞክሩት። ጉልበት አያስገኝም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቡሎኑን ቀዳዳ ያበላሻል። የትራንስፈር ኬዙ ቡሎን ጭንቅላት እንደ ዓመተ ምርቱ ሊለያይ ስለሚችል ቡሶላ ከመግዛታችሁ በፊት በባትሪ አብርታችሁ አንዴ እዩት። ቶርክ ሬንች የሌላችሁ መግዛት የለባችሁም፣ አውቶዞንና የመሳሰሉት ሱቆች በመያዣ ገንዘብ ያውሳሉ፤ ስትመልሱ ገንዘቡ ይመለሳል።

ፓምፑን «ጠርሙሱን ጨምቄ አስገባዋለሁ» ብላችሁ አትዝለሉት። መሙያው ቀዳዳ ያለው መኪናው ስር ነው፣ ጠርሙስ ለማቆም ቦታ የለም። ሌላው መንገድ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ከላይ በጎማውና በመከላከያው መሃል አውርዶ በፈነል ማንቆርቆር ነው። ሰው የሚያግዛችሁ ካለ ይሠራል፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ፓምፑ ይሻላል።

መኪናውን ማንሳት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ሰው አይገባም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። የሚይዘው የብረት ማቆሚያ ነው። በ2020 ሃርበር ፍሬይት የሚሸጣቸው ፒትስበርግ የተባሉ የ3 ቶንና የ6 ቶን ማቆሚያዎች ሳይታሰብ ሊወርዱ ስለሚችሉ እንዲመለሱ ተጠርተው ነበር። ከዚያ በፊት የተገዛ ማቆሚያ ካላችሁ፣ ወይም ከሰው ካገኛችሁት፣ ቁጥሩን አይታችሁ አረጋግጡ።

ሌላው ጉዳይ መኪናው ደልዳላ መሆን አለበት። የዘይቱ ልክ የሚለካው በቀዳዳው አፍ ስለሆነ የኋላው ብቻ ተነስቶ ከሞላችሁት ልኩ ይዛባል። ስለዚህ አራቱንም ጎማ በእኩል ከፍታ አራት ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ ነው ትክክለኛው። ሌላ አማራጭ አለ። ራቭፎር ከመሬት ከፍ ስለሚል ቀጭን ሰው ዲፈረንሻሉ ጋር ሳያነሳም ይደርሳል። የሚመቻችሁ ከሆነ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ መሬት አስይዛችሁ መሥራት ይቻላል። ከሁሉ የበለጠ ደህና የሆነውም እሱ ነው።

የምታነሱ ከሆነ በጎን በኩል መጽሐፉ በሚያሳያቸው ቦታዎች ብቻ አንሱ። ማርሹን ፒ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በጉማጅ እንጨት ያዙ። ማቆሚያው ላይ ካሳረፋችሁ በኋላ መኪናውን በሁለት እጅ ገፋ ገፋ አድርጉት። ከተነቃነቀ ስር አትግቡ። አንዳንዱ ጎማ ተነስቶ አንዳንዱ መሬት ይዞ ሞተር አስነስቶ ማርሽ ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም፣ መሬት የያዘው ጎማ መኪናውን ከማቆሚያው ላይ ሊጥለው ይችላል።

አፓርትመንት የምትኖሩ ደግሞ ውላችሁን አንብቡ፤ ብዙ አፓርትመንቶች ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መጠገን ይከለክላሉ። ጋራዥ ያለው ወዳጅ ቤት ሄዳችሁ ብትሠሩት ይሻላል።

ዲፈረንሻሉ

ከመጀመራችሁ በፊት አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ንዱት። ዘይቱ ለብ ሲል ይቀጥናል፣ ብናኙንም ይዞ ይወጣል። በጣም አታግሉት፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከዲፈረንሻሉ አጠገብ ስለሚያልፍ ክንዳችሁን ያቃጥላል። ለማንሳትና ዕቃ ለማዘጋጀት የሚፈጀው ጊዜ ቧንቧውን ያበርደዋል፣ ዘይቱ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ከስር ስትገቡ ከኋላ ጎማዎቹ መሃል የብረት ሳጥን ታያላችሁ፣ ከፊቱ ሻፍቱ ገብቶበታል። ሁለት ቡሎን አለው። ከፍ ብሎ በኋላ ፊቱ ላይ ያለው መሙያው ነው፣ ዝቅ ብሎ ያለው ማፍሰሻው ነው። ሁለቱም የሚፈቱት በ10 ብሩጎላ ነው። ከሻፍቱ በኩል ያለውን ክብ ነገር አትንኩት። እሱ ክላቹ ነው፣ ከዚህ ዘይት ጋር አይገናኝም።

መጀመሪያ የሚፈታው መሙያው ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህችን ያዙ። ማፍሰሻውን ፈትታችሁ ዘይቱን ካወጣችሁ በኋላ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢላችሁ፣ መኪናው ዘይት አልባ ሆኖ ደጃችሁ ተቀመጠ ማለት ነው፣ በጎታች ካልሆነ አይንቀሳቀስም። መሙያው መጀመሪያ ከተፈታ ግን በከፋ ቀን ማፍሰሻው ቢያስቸግር እንኳ መልሳችሁ ዘግታችሁ ወደ መካኒክ ትነዱታላችሁ።

ቡሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት ቀዳዳውን አጽዱት። ኮሎራዶ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ከጭቃ ጋር ተደባልቆ ቀዳዳው ውስጥ ይደርቃል። ብሩጎላው እስከ ታች ካልገባ ጠርዙን በልቶ ይወጣል። በሽቦ ብሩሽና በቀጭን ነገር ቆሻሻውን ቆፍሩ፣ ስፕሬዩን ርጩና ጥቂት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ብሩጎላውን አስገብታችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ እስከ ታች እስኪቀመጥ። ይህ ምት ዝገቱንም ያነቃንቀዋል።

መፍቻውን ከቡሎኑ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ በአንድ እጅ ቡሶላውን ደግፉ፣ በሌላው በዝግታ እየጨመራችሁ ጫኑ። በድንገት አትምቱት። ከስር ተኝታችሁ ወደ ላይ ስታዩ የግራና የቀኝ ነገር ያምታታል፤ የቡሎኑን ጭንቅላት ፊት ለፊት እያያችሁት እንደሆነ አስቡና በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አዙሩ። «ቋ» ብሎ ሲላቀቅ ያስደነግጣል፣ ግን የሚፈለገው ድምፅ እሱ ነው። ካልተላቀቀ ስፕሬዩን ደግማችሁ እስከ ማግስቱ አሳድሩት። በችቦ እሳት አታግሉት። ዘይት አለ፣ አጠገቡም ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት፣ ኦይል ሲል፣ አለ።

መሙያው ሲወጣ ሳህኑን ከስር አድርጉና ማፍሰሻውን ፍቱ። መጨረሻ ላይ በጣት ስታዞሩት ወደ ውስጥ እየገፋችሁ አዙሩት፣ ሲያልቅ ባንዴ ወደ ጎን ሳቡት። ዘይቱ መጀመሪያ ከቀዳዳው ወደ ውጭ ተወርውሮ ነው የሚወጣው፣ ሳህኑን በዚያው አቅጣጫ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጓንት ያድርጉ የምልበት ምክንያት ሽታው ነው፣ ቆዳ ላይ ከቀረ በሳሙና ቶሎ አይለቅም፣ ልብስ ላይ ከፈሰሰማ ተስፋ የለውም።

ጠብታው እስኪቆም ተዉት። አትቸኩሉ። እስከዚያ የወጣውን ዘይት ተመልከቱ።

ዘይቱ የሚናገረው

ጠቆር ያለ ዘይት የተለመደ ነው። ማፍሰሻው ጫፍ ላይ ማግኔት ካለ እሱ ላይ የተጋገረ ግራጫ ለጥፍ ታገኛላችሁ፣ በጣት ስታሹት እንደ ቅባት የሚልም ከሆነ ጤነኛ ነው፣ የጥርሱ ተራ ብናኝ ነው። ጠርጉት። በጣት የሚቆነጠጥ ስንጣሪ ብረት፣ መርፌ የመሰለ ነገር፣ ወይም የጥርስ ስባሪ ካገኛችሁ ግን ውስጡ የተሰበረ ነገር አለ። አዲሱን ዘይት ሞልታችሁ ብትሄዱም መካኒክ ሳያየው ሩቅ መንገድ አትውጡ። ስንጣሪውን በላስቲክ ይዛችሁ አሳዩት።

ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት የገባበት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያለፈ መኪና ላይ ይሆናል። ዲፈረንሻሉ አናት ላይ አየር የሚተነፍስበት ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ሞቆ የነበረው ቤት ውሃ ውስጥ ድንገት ሲበርድ አየሩ ይሸማቀቅና ውሃውን በዚያው ይስባል። እንዲህ ከሆነ አዲስ ዘይት ሞሉ፣ ጥቂት ቀን ንዱና እንደገና ቀይሩት። የአንድ ጊዜ ማፍሰስ ውሃውን ጨርሶ አያወጣውም። የተቃጠለ ሽታ ያለው ጥቁር ዘይት ደግሞ ብዙ ሙቀት እንዳየ ይናገራል። ጎማዎቻችሁን እዩ። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ሲገጠም የጎማዎቹ ዙሪያ ስለሚለያይ ክላቹና ዲፈረንሻሉ ያለ እረፍት ልዩነቱን ሲያቻችሉ ይኖራሉ። ሱባሩ በጎማዎቹ ዙሪያ መካከል ከሩብ ኢንች በላይ ልዩነት እንዳይኖር የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ራቭፎርም ላይ አራቱን አንድ ላይ መቀየር ነው የሚሻለው።

መሙላት

የቡሎኑን መቀመጫ በጨርቅ ጥረጉት፣ ያረጀው ዋሸር እዚያው ተጣብቆ ቀርቶ እንዳይሆን በጣት ዳስሱ። ሁለት ዋሸር ተደራርቦ ከጠበቀ ያፈሳል። ማፍሰሻውን በፍሬን ማጽጃ አጽዱ፣ አዲስ ዋሸር አድርጉ፣ በእጅ አስገቡት። በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ሳይቸግረው መግባት አለበት። ከተወጠረ የቡሎኑ ጥርስ ተዛንፏል፣ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።

በቶርክ ሬንች አጥብቁ። ቶዮታ ለእንዲህ ዓይነት ቡሎን የሚሰጠው ከ39 እስከ 49 ኒውተን ሜትር ነው፣ በፉት ፓውንድ ከ29 እስከ 36። የመኪናችሁን ትክክለኛ ቁጥር ከጥገና መመሪያው አረጋግጡ፣ ቶዮታ የመካኒኮች መመሪያውን በድረ ገጹ ለሁለት ቀን በክፍያ ያስነብባል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። በረጅም እጀታ «እንዳይፈታ» ብላችሁ ብትጫኑት ቡሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ጥርስ ትበላላችሁ።

አሁን የፓምፑን ቱቦ መሙያው ውስጥ አስገቡና ግፉ። ሲበርድ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ እጅ ያደክማል፤ ጠርሙሱን ቀደም ብላችሁ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ካቆያችሁት ይቀላል። ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ መፍሰስ ሲጀምር አቁሙ። ትርፉ ፈስሶ ጠብ ጠብ እስኪል ጠብቁ። ትክክለኛው ልክ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ እስከ 5 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ነው፣ ጣት ጎንበስ አድርጋችሁ ብታስገቡ መንካት አለበት። የገባው መጠን ወደ ግማሽ ሊትር መጠጋቱንም ከጠርሙሱ እዩ። በጣም ካነሰ ወይ መኪናው አልተደላደለም፣ ወይ አሮጌው በደንብ አልወጣም። መሙያውን በአዲስ ዋሸር ዝጉና እሱንም በቶርክ አጥብቁ። ሁሉንም ነገር በፍሬን ማጽጃ ጥረጉት፣ በኋላ ማፍሰሱንና አለማፍሰሱን ለማየት ንጹህ መሆን አለበት።

ትራንስፈር ኬዙ

ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ጥርሱ ግን እኩል ይሠራል፣ ዘይቱም ያው 75W-85 ነው። ከፊት፣ ከሞተሩ ኋላ፣ በተሳፋሪው በኩል ነው ያለው። ስታገኙት እንዳትሳሳቱ ከሻፍቱ ተነሱ። ሻፍቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ፊት ተከተሉት፣ መጨረሻው የገባበት ቤት ትራንስፈር ኬዝ ነው። ቡሎን መፍታት ያለባችሁ በዚያ ቤት ላይ ብቻ ነው። ከጎኑ የተያያዘው ኦቶማቲክ ካምቢዮ ነው፣ የሱ ማፍሰሻ ከተፈታ ዘይቱን በትክክለኛ ልክ መመለስ የሙቀት መለኪያ የሚፈልግ ሌላ ሥራ ነው። የፊት ዲፈረንሻሉም እዚያው ካምቢዮው ውስጥ ሆኖ የሱን ዘይት ስለሚጋራ፣ «የፊቱንስ?» ብላችሁ አትፈልጉት።

የፕላስቲክ ሽፋን ካለ አውልቁ፣ ክሊፖቹን በአንድ ሳህን አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ዲፈረንሻሉ ነው፦ አጽዱ፣ መሙያውን ፍቱ፣ ማፍሰሻውን ፍቱ፣ አፍስሱ፣ በአዲስ ዋሸር ዝጉ፣ እስኪፈስ ሙሉ። ቦታው ጠባብ ነው፣ የጭስ ቧንቧውም ቅርብ ነው፣ ስለዚህ ይሄን ወደ መጨረሻ ማድረግ ይሻላል፣ እስከዚያ ይበርዳል። ዘይት ቧንቧው ላይ ከፈሰሰ በደንብ ጥረጉት፣ አለበለዚያ ሲሞቅ ይጨሳል።

ከጨረሳችሁ በኋላ

መኪናውን አውርዱ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ንዱ፣ ጥቂት ጠባብ መታጠፊያ ያዙበት። ወደ ቤት ስትመለሱ ንጹህ ካርቶን ከዲፈረንሻሉና ከትራንስፈር ኬዙ ስር ዘርጉና አሳድሩት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ቡሎኖቹን ዳስሱ። እርጥበቱ ቡሎኑ ዙሪያ ከሆነ ዋሸሩ ነው። የጎማ ሻፍቱ የሚገባበት ቦታ ከሆነ ግን ኦይል ሲሉ ነው፣ ይህም ከዛሬው ሥራ ጋር አይገናኝም፣ ድሮም የነበረ ነው፤ ለብቻው ያስቀይሩት።

አዲስ ዘይት ድምፅን አንዳንዴ ትንሽ ይቀንሳል፣ ያረጀ ጥርስን ግን አያድስም። ነዳጅ ስትሰጡ የሚያፏጭና እግራችሁን ስታነሱ ድምፁን የሚለውጥ ከሆነ ጥርሱ ነው የሚጠረጠረው። ፍጥነት ሲጨምር ብቻ እያደገ የሚሄድ ጉርምርምታ ደግሞ ወደ ኩሽኔታ ወይም ወደ ጎማ ያመለክታል።

አሮጌውን ዘይት ባዶዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ መልሳችሁ በፈነል ክተቱ። ከውሃ፣ ከፍሬን ፈሳሽ ወይም ከማጽጃ ጋር አታደባልቁት፣ ከተደባለቀ አይቀበሏችሁም። አውቶዞን የማርሽ ዘይትም በነጻ ይቀበላል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቅርባችሁ ያለውን ቅርንጫፍ ደውላችሁ ጠይቁ። የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ወይም አፈር ላይ ማፍሰስ ሕገወጥ ነው።

ቀኑን፣ ማይሉን፣ የገባውን ዘይት ዓይነት ጻፉና ከዋሸሩና ከዘይቱ ደረሰኝ ጋር ከተሳፋሪው ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ አድርጉት። መኪናውን ስትሸጡ የሚገዛችሁ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ ዋስትና ላይ ጥያቄ ከተነሳም ማስረጃችሁ እሱ ነው።